ወባ የያዛት አበባ

አበባን ወባ ይይዛታል። የሚስቅ ይሳቅ፤ እኔ ግን በዘጠኝ ዓመቴ አንዷን አክሜ አድኛለሁ። እዚሁ ጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ዳርቻ ብዙም በማይርቀው በጋሽ ጀማል ጓሮ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር። እናቴ ኛኳች ስለ እኔ «ኛፑዎት ከምትናገረው ግማሹን ጣሉት፤ ከቀረው ደግሞ ግማሹን ለዶሮ ስጡት» ትላለች። የምነግራችሁ ዶሮዋ የተወችውን ሩብ ነው።

አጎቴ ጩዎል የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሆለታ አካባቢ አንድ የእንጆሪ እርሻ ላይ ሦስት ዓመት በቀን ሠራተኝነት ቆይቶ አንድ ቀን በአውቶቡስ መጣ። ሰው ከደጋ ሲመጣ ብርድ ልብስ ወይ ድንች ይዞ ይመጣል። እሱ እርጥብ ፎጣ ውስጥ የተጠቀለለ ጎመን የመሰለ ቅጠል ይዞ መጣ። ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንደኛው ነጭ ያብባል፣ ሌላኛው ቀይ። የእንጆሪ አበባ ወትሮ ነጭ ነው አሉ። እኛ ግን እንጆሪ የሚባል ነገር በዓይናችን አይተን ስለማናውቅ ቀዩ ምንም አልደነቀንም። የደነቀው ጋሽ ጀማልን ብቻ ነው።

ጋሽ ጀማል ከጅማ የመጣ ነጋዴ ነው። ከሱቁ ጎን ጁስ ቤት አለው፤ ከጁስ ቤቱ ጀርባ ደግሞ ጓሮው።

«ወላሂ ጩዎል፣ አብደሃል!» አለው። «እንጆሪና ጋምቤላ! ይልቅ ዓሣውን ማንጎ ላይ አርባ፣ እሱ ይቀልሃል።»

«ዓሣ ሁሉም ሰው ያረባል» አለ ጩዎል። ከእኛ ጋር በኑዌርኛ ሲያወራ እንደ ሬዲዮ ነው፤ አማርኛውን ግን አንድ አንድ ቃል እየመዘነ ነበር የሚያወጣው። «እኔ ቦታ እፈልጋለሁ። ጥላ ያለው።»

ጋሽ ጀማል ጓሮውን ሰጠው። «እስከሚመጣው ግንቦት» አለው። «ዝናቡ ሲገባ በሕይወት የቆመ ነገር ካየሁ ጓሮው ያንተ ነው። ካላየሁ የሩዝ መጋዘን አሠራበታለሁ። እንዳትቀየመኝ።»

«አልቀየምም። ግን ታያለህ።»

ጩዎል የባሮን አሸዋ በጆንያ ተሸከመ፣ የበሰበሰ የማንጎ ቅጠልና የከብት እበት ደባለቀበት፣ የተሰነጠቀ ሳፋና ለሁለት የተቆረጠ ጀሪካን ለቃቅሞ ሞላ። ከዚያ የሚሠራውን ነገር ማየት ነበር! ገና ያልፈነዳች ነጭ አበባ ይይዝና በወረንጦ ቅጠሏን አንድ በአንድ ይነቅላል፤ መሃሏ ላይ ያሉትን ቢጫ ክሮችም ይለቅማል። ከቀይዋ አበባ በጫጩት ላባ ዱቄት ነገር ይጠርግና ነጯን ይቀባታል። በመጨረሻም ከረጢት ያለብሳታል። ከረጢቱ ከአጎበር የተሰፋ ነው፤ አፉ በክር የሚታሰር፣ አውራ ጣት የምታህል።

ልጆች «አጎትሽ ምን እያደረገ ነው?» ሲሉኝ «የአበቦች ወጌሻ ነው» እላቸዋለሁ። ማየት ለፈለገ በአንድ ከረሜላ በአጥር ቀዳዳ አሳያለሁ።

አጎበሩን ያየችው ሲስተር ሙሉብርሃን ናት፤ የቀበሌያችን ጤና ባለሙያ። ያን ሰሞን አጎበር ለዓሣ መረብ የሚያደርጉትን ልትቆጣ ቤት ለቤት ትዞር ነበር።

«ዓሣ የሚያጠምድበትን አውቃለሁ» አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ዶሮ የሚያጥርበትንም አይቻለሁ። አበባ የሚያስተኛበት ሰው ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ!»

«የሌላ ሰው አይደለም ሲስተር። የራሴ ነው።»

«ታዲያ አንተ በምን ትተኛለህ?»

«ጭስ አለ። እበት አጨሳለሁ። አበባው ጭስ አይወድም።»

ሲስተር ሳቋ አመለጣት፤ ግን ቶሎ ያዘችው። ወደ እኔ ዞራ የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣቷ ገለበጠች። «ይኸው፣ ውስጡ ቀይ ነው፣ ደም አላት። ተንኮሏ ግን ከደሟ ሳይበልጥ አይቀርም። ወባ ደም ይበላል፤ ነጭ ሆኖ ካየሽው ሰውየው ታሟል ማለት ነው። በአጎበር ተኚ፣ ሰማሽ?»

ሰማሁ። በደንብ ሰማሁ። አበባ በአጎበር የሚተኛው ወባ እንዳይዘው ነው። ቀይ የሆነ ጤነኛ ነው፤ ነጭ የሆነ ደሙ ተበልቷል። በዚያ ዕድሜ ከዚህ የተሻለ ያሰበ ካለ እጁን ያውጣ።

ከረጢቱ ለንብ ነበር። ንብ ከሌላ አበባ ዱቄት አምጥታ እንዳትቀላቅልበት። ይህን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ፍሬዎቹ ደረሱ፤ ጩዎል ግን አላበላንም። በምስማር ጫፍ ዘሮቹን እየለቀመ ዘራቸው። አርባ አንድ በቀሉ። በየካቲት ያ ሙቀት ሲመጣ አሥራ ሁለት ቀሩ። ሙቀቱን አትጠይቁኝ! ጥላችን ከእኛ ተነጥሎ ማንጎ ሥር ይቀመጥና እኛ ብቻችንን ትምህርት ቤት እንሄድ ነበር። አንድ አዞ ከባሮ ወጥቶ ጋሽ ጀማልን ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠይቅ ያየ ሰው አለ፤ እኔ ነኝ።

ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ ነጭ አበቡ። አንዷ ቀይ አበበች።

ጩዎል ፊቷ ተንበረከከ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ሲንበረከክ አላየሁትም። «ይቺ የአባቷ ልጅ ናት» አለኝ። ሌሎቹን አሥራ አንድ ለጋሽ ጀማል ፍየል ሰጣቸው። እኔም ቀይ ስለሚወድ መሰለኝ።

የሚወደው ቀለሙን አልነበረም። ነጯ ሙቀት ትችላለች፤ ፍሬዋ ግን ፊት ያኮማትራል። ቀይዋ ጣፋጭ ናት፤ ሙቀት ግን አትችልም። ሁለቱን ሲያጋባ ልጅቱ ነጭ ካበበች እናትየው ለብቻዋ ወልዳለች ማለት ነው፤ ቀይ ካበበች የሁለቱም ደም አለባት። ቀለሟ የአባቷ ማኅተም ነው። ከአርባ አንድ ውስጥ ማኅተም ይዛ የተረፈችው አንዷ ብቻ ናት፤ እሷም እስከ ግንቦት መቆየት አለባት። ዝናቡን አይታ እንደ ገመድ የሚሳበውን ክሯን ከላከች፣ ክሩ ጫፍ ላይ ልጅ ታወጣለች፤ ከዚያ በኋላ አትጠፋም። እሷ ከሞተች ሦስቱ የሆለታ ዓመታትም፣ ጓሮውም አለቁ።

እኔ ደግሞ ጩዎል ባለበሳት ከረጢት ውስጥ ጉንዳን ከተትኩ።

ለምን? ለሳቅ ነዋ። ክሩን ፈትቼ አንድ ቀይ ጉንዳን አስገባሁና መልሼ አሰርኩት። ጩዎል ከረጢቱን ሲከፍት ጉንዳኑ ጣቱ ላይ ተለጠፈ። ላባው በዚህ፣ ወረንጦው በዚያ፣ ጩዎል ሳፋ ላይ። ሆዴን ይዤ እስክወድቅ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ።

ከሦስት ቀን በኋላ የዚያችው ተክል ሁለተኛዋ አበባ ስትፈነዳ ሳቄ ቆመ። የመጀመሪያዋ እንደ ደም ነበረች። ይቺ እንደ ድድ ነበረች። ሦስተኛዋ እንደ ጥፍሬ ሥር ሆነች። አራተኛዋን ከለበሰችው ከረጢት መለየት አቃተኝ። ክሩን አላልቼ ነው ያሰርኩት! ትንኟ ገብታለች! ደሟ እያለቀ ነው!

ሙቀት ሲበረታ ቀይ የእንጆሪ አበባ ይደበዝዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ጩዎል ይህን ያውቅ ነበር። እኔ ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። ጥፋተኛ ሰው ግን አይጠይቅም።

በዚያው ሳምንት ጩዎልን ራሱን ወባ ያዘው። አጎበሩ አበባ ላይ ነበራ። ሲስተር ሙሉብርሃን መጥታ ጣቱን ወጋች፣ ቢጫ ክኒን ቆጥራ ሰጠችው፤ ሃያ አራት።

«አራት ጠዋት፣ አራት ማታ፣ ሦስት ቀን፣ ከምግብ ጋር። ቢሻልህም ትጨርሳለህ። ሰማኸኝ ጩዎል? ቢሻልህም!»

«ሰማሁ ሲስተር። እጨርሳለሁ።»

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋትና ማታ ዋጠ። በሁለተኛው ቀን ማለዳ ተነሥቶ ተቀመጠ፣ ሻይ ጠጣ፣ እንዲያውም ቀለደብኝ። እኔም አየሁት፤ ድኗል። አበባዋ ግን አልዳነችም። እሷ ጣት የላት፣ ማን ይወጋላታል? ሊታጠብ ወደ ወንዝ ሲወርድ ክኒኖቹን ከሰሌኑ ሥር ወሰድኳቸው። አሥራ ስድስት ነበሩ። በድንጋይ ፈጨኋቸው፣ በጣሳ በጠበጥኩ፣ ሥሯ ላይ አፈሰስኩ። ትንሽ ስለሆነች ቶሎ እንድትድን የሁለቱን ቀን በአንዴ ሰጠኋት።

ጩዎል ተመልሶ ሰሌኑን አነሣ። ትራሱን አነሣ። ከዚያ እኔን አየኝ። በር ላይ ተቀምጬ ጣቶቼን ብብቴ ውስጥ ደብቄ ነበር። ማታ እናቴ የዓሣ ሳፋዋን ተሸክማ ገባች።

«ክኒንህን ዋጥክ?»

«ዋጥኩ።»

«ስንት ቀረህ?»

«አለቀ።»

«ሦስት ቀን አላለችም እንዴ?»

«ለእኔ ሁለት ቀን በቂ ነው አለች።»

አፌን ከፍቼ አየሁት። በቤታችን የምዋሸው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጩዎል ውሃ መሸከም ጀመረ። በቀን አሥር ጀሪካን ከባሮ እያወጣ አንዷ ሳፋ ላይ ብቻ ያፈሳል፤ ውሃው ከላይ ገብቶ በታች ባለው ቀዳዳ ይወጣል፣ እንደገና ያፈሳል። ገባኝ። ትኩሳት ያለበት ሰው በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ እሱም ሳይነግረኝ እያከማት ነው። ሁለት ሐኪሞች ሆንን። በአራተኛው ቀን ሲስተር ሙሉብርሃን በአጥሩ በላይ «ጨረስክ?» ስትለው «ጨርሻለሁ» አላት፣ ጀሪካኑን ሳያወርድ።

በስድስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ወደቀ። ጀሪካኑ እየተንከባለለ ወንዙ ድረስ ወረደ። ጋሽ ጀማል ከሱቁ እየሮጠ መጥቶ በጀርባው አዘለው። «ባጃጅ! ባጃጅ!» እያለ ነጠላ ጫማው አንዱ እዚያው ቀረ። እኔ ግን ወደ ጓሮ ሮጥኩና አበባዋን ተቆጣኋት። ትንኟን ወደ እሱ የላከቻት እሷ ናት ብዬ።

ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ወሰዱኝ። ጩዎል ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶበት እናቴን በአንድ በሬ ስም ጠራት፤ በልጅነቱ በጠበቀው በሬ። «ና፣ ና፣ ውሃው እዚህ ነው» አላት። በጣም አሳቀኝ። በማግስቱ ለልጆቹ እናቴ በሬ እንደሆነች፣ ቀንዷንም በሻሽ እንደምትሸፍን ነገርኳቸው።

ሐኪሙ እናቴን ወደ ኮሪደሩ አወጣት። «ዘመዶቻችሁ ሩቅ ናቸው?» ሲል ሰማሁት።

«ናስር ናቸው፣ ከድንበሩ ማዶ» አለች።

«ቢመጡ ጥሩ ነው። ዛሬውኑ ጥሪያቸው።»

እንግዳ ሊመጣልን ነው! ቤት ገብቼ ደጁን ጠረግኩ፣ ውሃ ረጨሁ፣ ለአጎቶቼ የምነግራቸውን ውሸት መለማመድ ጀመርኩ። እናቴ ማታ መጥታ የተጠረገውን ደጅ ስታይ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ደስ ብሏት መሰለኝ።

ሐኪም የዘመድ አገር ሲጠይቅ ምን ማለቱ እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ባውቅ ኖሮ መጥረጊያውን ባልነካሁት።

አበባዋን በእነዚያ ቀናት ያጠጣት ጋሽ ጀማል ራሱ ነው። ለሶላት በሚታጠብበት ማንቆርቆሪያ፣ ጠዋትና ማታ፣ ማንም ሳያየው። እኔ ግን አይቻለሁ። የመጋዘኑ እንጨት መጥቶ አጥሩ ላይ ተደግፎ ነበር። ግንቦት ገባ፤ በሁለተኛው ቀን ዝናቡ ባሮን ተሻግሮ መጣ፣ ከተማውም ተነፈሰ። በዘጠነኛው ቀን ጩዎል በባጃጅ ተመለሰ። ሱሪው የሌላ ሰው ይመስል ነበር። እናቴና ጋሽ ጀማል ግራና ቀኝ ይዘው ጓሮ አስገቡት።

ሳፋዋ ውስጥ አንዲት አበባ ፈንድታለች። ቀይ! እንደ መጀመሪያዋ፣ እንደ ደም። ከሥሯም ቀጭን ክር ተስቦ ወጥቶ ጫፉ ላይ ሦስት ትንንሽ ቅጠል አቆጥቁጧል።

ጋሽ ጀማል ጉሮሮውን ጠረገ። «ቃል ቃል ነው። የቆመ ነገር አይቻለሁ» አለና እንጨቱን የሚያነሡ ሰዎች ሊጠራ ሄደ።

እኔ መቆየት አልቻልኩም። «ድናለች! እኔ ነኝ ያዳንኳት! ወባ ይዟት ነበር፣ ያንተን ክኒን ፈጭቼ ሰጠኋት!» ብዬ ጮህኩ።

«ይቺ ልጅ ደግሞ!» አለች እናቴ። «ታሞ ለመጣ ሰው እንኳ እረፍት አትሰጥም።»

ጩዎል መጀመሪያ አበባዋን፣ ከዚያ እኔን አየ። ከንፈሩ የተሰነጣጠቀ ነበር። «ጎበዝ ሐኪም» አለኝ።

አሥራ አራት ዓመት አለፈ። ጓሮው ሞልቶ ወደ ባሮ ዳገት ወርዷል፤ ሁሉም የዚያች የአንዷ ዘር ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ከደብተር ጋር ተጣልቼ የጋሽ ጀማልን ጁስ ቤት ያዝኩ። ከእንጆሪው ጁስ እኩል የሚሸጠው ታሪኬ ነው። ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ የሚሠሩ መኪና አቁመው ይሰሙኛል። በየዓመቱ ትንሽ ይጨመርበታል፤ አምና አበባዋ ማስነጠስ ጀምራ ነበር።

ባለፈው የካቲት ሲስተር ሙሉብርሃን መጣች። ከዚያ ዓመት ማግስት ወደ አቦቦ ተዛውራ ነበር፤ አሁን ፀጉሯ ሸብቷል። ማንጎው ሥር ተቀምጣ ጁሷን ትጠጣለች፤ እኔም ደስ ብሎኝ ለእሷ ክብር ስል ታሪኩን ከነማስነጠሱ ጀመርኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ክኒኑ ላይ ስደርስ እሷ መሳቅ አቆመች።

«ስንት ክኒን?» አለችኝ።

«አሥራ ስድስት! ቆጥሬ ነው!»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ስምንት ብቻ ነው የዋጠው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ጩዎል!»

ጩዎል ሳፋዎቹ መሃል ቁጢጥ ብሎ ፍሬ ይለቅም ነበር።

«ጨርሻለሁ ብለኸኝ ነበር።»

«አዎ ሲስተር። ብዬሻለሁ።»

«ያኔ ሐኪሙ 'በትክክል ቆጥረሽ ሰጥተሽዋል?' ሲለኝ እኮ ራሴን ተጠራጠርኩ! ምናልባት አጉድዬ ይሆን ብዬ! አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ቤት እየሄድኩ ባዶ የክኒን ማሸጊያ እቆጥራለሁ። አቦቦ ላይ ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? ቆጣሪዋ! ስሜን የሚያውቅ የለም።»

ሰዎቹ ገና እየሳቁ ነበር፤ የታሪኩ ክፍል መስሏቸዋል። እኔ ግን ደመርኩ። ስምንት። አሥራ ስድስት። በኮሪደሩ ላይ «ዛሬውኑ ጥሪያቸው» ያለው ሐኪም። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ በአፌ ይዤው ስዞር፣ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ጩዎል ቀስ ብሎ ተነሣ። አማርኛው ዛሬም በሚዛን ነው። «ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ ዱላ አላት። እኔ ደህና ነኝ ብዬ አሰብኩ። ነገ ሌላ ክኒን እጠይቃለሁ አልኩ። መጀመሪያ ውሃ።»

«የምን ውሃ?»

«አፈሩ ቢጫ ነበር ሲስተር። ሥሯ ይቃጠላል ብዬ ፈራሁ። አጠብኩት።»

ሲስተር ሙሉብርሃን እሱን አየች፣ እኔን አየች። የቀረውን ጁስ ጨለጠችና «ሌላ ጨምሪልኝ» ብቻ አለች። ቀዳሁላት፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

ከሄደች በኋላ ጩዎል አጠገብ ሄጄ ቁጢጥ አልኩ። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት በኑዌርኛ።

«አንቺ እኮ ነሽ የነገርሽኝ» አለ። «ያን ቀን፣ እዚሁ ቆመሽ፣ እየጮህሽ። ማንም አላመነሽም።» አንድ ፍሬ ቀጥፎ አየውና ቅርጫቱ ውስጥ ጣለው። «እንዲያ ስትደሰቺ እያየሁ ምን ልበልሽ? በኋላ ደግሞ ሰው ሳቀ። ሲስቁ እኔም ደስ ይለኛል።»

«ልትሞት ነበር።»

«ነበር» አለ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው።

በማግስቱ ከኢታንግ የመጡ ሁለት ሾፌሮች ማንጎው ሥር ተቀመጡ። አንደኛው ከዚህ በፊት የሰማ ነው፤ ጓደኛውን በክርኑ ጎሰም አደረገና፣ «ስለዚያች ወባ ስለያዛት አበባ ንገሪው እስቲ፣ ይሙት በሳቅ!» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ጩዎል ከጀርባዬ ውሃ እያጠጣ ነበር፤ የጀሪካኑ ድምፅ ይሰማኛል።

«የማንጎ ጁስም አለ» አልኳቸው።